ገብሱ ሳይገባ ሰው አይሞትም

በመጸው ሰው የሚሞትበት ልብ ወለድ ማንበብ በአዋጅ መከልከል አለበት። አዎ፣ በአዋጅ። በደርግ ጊዜ ጠዋት ማታ አዋጅ ስንሰማ ኖረን የለም? አንዷን ለዚህ ቢያውሏት ምን ነበረበት... እናንተ ግን "መጽሐፍ መጽሐፍ ነው፣ ወቅት አይመርጥም" ትሉኝ ይሆናል። ይህን የምትሉት ደባርቅ ላይ፣ በገብስ አጨዳ ሰሞን፣ ለሰው ጮክ ብላችሁ አንብባችሁ ስለማታውቁ ነው።

እኔ አንብቤያለሁ። በዚያው በደርግ ጊዜ፣ በዕጣ ይሁን በቂም እስከ ዛሬ ባልገባኝ ምደባ ደባርቅ መምህር ሆኜ ሄድኩ። እዚያ በክረምት ማንበብ አይታሰብም፤ ብርዱ ጣት ስለሚያደርቅ ገጽ መግለጥ ራሱ ጀግንነት ነው። የንባብ ወቅት መጸው ነው። ሰማዩ ይጠራል፣ መንገዱ ይደርቃል፣ የጎንደር አውቶቡስ ዳባት ላይ ሳይበላሽ ይደርሳል። አውቶቡሱ ከደረሰ ደግሞ ሾፌሩ ከመቀመጫው ሥር አንድ ሁለት መጽሐፍ አያጣም።

በዚያ መጸው የደረሱኝን ላጫውታችሁ። አንደኛው ከባዕድ ቋንቋ የተተረጎመ ወፍራም ልብ ወለድ ነበር፤ የአንድ ሰው ስም ተነቦ እስኪያልቅ ሻይ ይቀዘቅዛል። ሦስት ናቸው ብዬ የማውቃቸው ሰዎች መካከሉ ላይ ስደርስ አንድ ሰው ሆነው ተገኙ፤ ተቀይሜ ዘጋሁት። ሌላዋ ግብርና ቢሮ ያደላት የዶሮ እርባታ መመሪያ ናት። ቀጭን ናት፣ ሥዕል አላት። የሚነበብ ስለጠፋ እየደጋገምኩ አንብቤያት ስለ ዶሮ ያልደረስኩበት ነገር ቢኖር የዶሮዋ የግል ሐሳብ ብቻ ነበር። የመጨረሻው ሽፋኑ የተገነጠለ የፍቅር ልብ ወለድ ነው። ርዕሱንም ደራሲውንም አላውቅም፤ ጉዴን ያፈላው ግን እሱ ነው።

ቤት ያከራዩኝ ወይዘሮ እንጉዳይ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ። ከከተማው ዳር አንድ የገብስ ማሳ አላቸው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚበሉት ከሷ ነው። አምና በረዶ መትቶባቸው የዘመድ ጎተራ ሲያዩ ከረሙ። ዘንድሮ ገብሱ እንደ ጉድ ቢያምርም እሳቸው ደመና ባዩ ቁጥር ሆዳቸውን ይይዛሉ። ጥቅምት ሲገባደድ ደቦ ጠሩ። እኔም "ሰው እያጨደ እኔ ቁጭ ብዬ አልበላም" ብዬ ማጭድ ይዤ ወጣሁ።

መጀመሪያ ያጨድኩት የገዛ ሱሪዬን ጉልበት ነው። ቀጥዬ የአያ ሞላን ጋቢ ጫፍ አጨድኩ። አያ ሞላ የደቦው አለቃ፣ በዚያ ላይ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ናቸው። ጋቢያቸውን አዩ፤ እኔን አዩ።

"መምህር፣ አንተ በምንድን ነው የምትኖረው?" አሉኝ ረጋ ብለው።

"በማስተማር።"

"ሌላ የምታውቀው ነገር የለም?"

"ማንበብ አውቃለሁ።"

"በል ማጭዱን ወዲህ በልና እሱን አንብብልን። እግዜር ይስጥህ።"

ደቦ ያለ ዘፈን አይሆንም፤ የዚያን ቀን ደግሞ ዜማ አውጪው ጉሮሮው ተዘግቶ ነበር። በሱ ፈንታ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ልብ ወለዱን ማንበብ ጀመርኩ። ፀዳለ የምትባል ወላጅ አልባ ልጅ አለች። ተፈራ የሚባል ድሃ ትወዳለች። አጎቷ ባላምባራስ ዘለቀ "እኔ ቆሜ እያለሁ" ብለዋል። እናንተዬ፣ ገብሱ እንዴት እንደታጨደ ልነግራችሁ አልችልም። ተፈራ አጥር ሲዘል ማጭዱ ይሮጣል፤ ባላምባራስ ብቅ ሲሉ ነዶው ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። አያ ሞላ እንደ ሊቀመንበርነታቸው "ልጅቱ መደቧ ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ። የሙት ልጅ መሆኗን ስነግራቸው "እንግዲያ ከኛው ናት" ብለው አጸደቋት። የደብሩ መሪጌታ ደግሞ፣ እሳቸውም ያጭዳሉ፣ "ይሄ ተፈራ አጥር ከሚዘል ሽማግሌ አይልክም?" እያሉ ይቆጣሉ።

በማግስቱ ባላምባራስ ዘለቀ ሞቱ። በመጽሐፉ ማለቴ ነው። እኔ ምን አስቤ... "ባላምባራስ ያን ዕለት ዐረፉ" ብዬ ወደሚቀጥለው መስመር ልሻገር ስል ማሳው ጸጥ አለ። ቀና ብል ማጭድ ሁሉ መሬት ወርዷል።

"ነፍስ ይማር" አሉ መሪጌታ።

"ክፉ ሰው ነበሩ እኮ" አልኩ።

"ቢሆኑስ? ሞተዋል አይደል?" አሉ አያ ሞላ። "ለመሆኑ የት ተቀበሩ?"

"አልተጻፈም።"

"ምን ዓይነት ጸሐፊ ነው? ሰው ገድሎ ሳይቀብር ይሄዳል?"

የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው። ጠዋት ሲረግሟቸው የነበሩት ሰዎች "ቁጡ ቢሆኑም ቤታቸው ለእንግዳ ክፍት ነበር" ማለት ጀመሩ። ይህን ከየት እንዳመጡት አላውቅም፤ መጽሐፉ ላይ የለም። ሬሳ እያለ ማጭድ አይያዝም ተባለና ደቦው በእኩለ ቀን ተበተነ። በበየዳ ተራሮች በኩል ደግሞ ደመና ብቅ ብሎ ነበር።

ወይዘሮ እንጉዳይ እራት ሲያቀርቡልኝ ዓይናቸው በበሩ በኩል ሰማዩ ላይ ነው።

"ልጄ፣ በሞቴ" አሉኝ፣ "ገብሴ ሳይገባ ሰው እንዳትገድልብኝ።"

"እሺ እማማ" አልኩ። ከዚያ የነገውን ልይ ብዬ መጽሐፉን ገለጥኩ... ፀዳለን ሳል ጀምሯታል። በልብ ወለድ ሳል ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፤ በልብ ወለድ ጉንፋን ይዞት የዳነ ሰው አላየሁም። ጥቂት ገጽ ገለጥኩ፤ ሞታለች። መጽሐፉም መቃብሯ ላይ ያልቃል። ለክፉው አጎት ግማሽ ቀን ሥራ ከቆመ፣ ለፀዳለማ ሰልስቷ አለ፣ ሰባቷ አለ፣ ዐርባዋ አለ። ገብሱ እዚያው ማሳው ላይ ይበሰብሳል።

ስለዚህ በማግስቱ ድንጋዬ ላይ ተቀመጥኩና የሌለውን አነበብኩ። "ፀዳለ ያን ሌሊት ደህና አደረች" ብዬ ጀመርኩ። ሳሏን በጤና አዳም አዳንኩላት። መሪጌታ ደስ እንዲላቸው ሽማግሌ አስላክሁ። ዳስ አስጣልኩ፣ ሙሽራዋን በቅሎ ላይ አስቀመጥኩ። ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔው ግን እያደር ከበደኝ፤ አያ ሞላ የሚረሱት ነገር የለማ።

"በቅሎዋ ትናንት ግራጫ አልነበረችም?"

"ግራጫ ናት አያ ሞላ፤ መንገድ ላይ ጭቃ ነክቷት ነው የጠቆረች።"

"እንዲያ ነው እንጂ" ይሉና ያጭዳሉ።

በመካከሉ መድኃኔ ዓለም ሆነና ሥራ ቆመ። "በዓል ማብዛት ኋላ ቀርነት ነው" ብለው በስብሰባ የተናገሩት አያ ሞላ ከሁሉ ቀድመው ቤተ ክርስቲያን ደረሱ። እኔ መጽሐፉን መደቡ ላይ ትቼ ዳባት ወዳጅ ልጠይቅ ሄድኩ።

ከዳባት ስመለስ ሰዎቹ ተለውጠው ጠበቁኝ። የምቀመጥበት ድንጋይ ላይ አጎዛ ተነጥፏል። አያ ሞላ ያቺኑ የቆረጥኳትን ጋቢ ደረቡልኝ። "በላህ ወይ? ተኛህ ወይ? ብቻህን አትሁን" ይሉኛል። ሠርጉን ሳነብላቸው መሪጌታ አንገታቸውን ደፍተው ያጭዳሉ። አንዲት ነዶ ሰብሳቢ እልል ልትል ስትል ሌላዋ ጎኗን ጎሸመቻት። እኔ ምን ቢመስለኝ ጥሩ ነው? በንባቤ የተደነቁ። እንዴት እንደኮራሁ ብታዩኝ... ድምፄን ወፈር አድርጌ ፀዳለን መንታ ላስወልዳት ሁሉ አስቤ ነበር። አጨዳው ደግሞ ከበፊቱ ፈጠነ፤ ሰዎቹ የሚቸኩሉበት ጉዳይ ያላቸው ይመስላሉ።

ገብሱ ታጨደ፣ ተከመረ፣ ክምሩም ተከደነ። በዚያው ምሽት በረዶው ወረደ። ወይዘሮ እንጉዳይ በራቸው ላይ ቆመው፣ ባዶ ማሳቸውን ሲመታ እያዩ፣ "ምታ እንግዲህ" አሉት።

ገና ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሽማግሎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተሰልፈዋል፤ ከኋላቸው ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አገር ቤት ያደጋችሁ የዚህን ትርጉም ታውቁታላችሁ። እኛ ዘንድ የሞት ወሬ እንዲሁ አይወረወርም። ይደበቃል፣ የተጀመረ ሥራ ያልቃል፣ ከዚያ ሰው ተሰብስቦ በማለዳ መርዶ ያረዳል። ታናሽ ወንድሜ ግንባር ነበር።

ገቡ፤ ተቀመጡ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ ይህ ዓለም ኃላፊ ነው። ሁላችንም መንገደኞች ነን።"

"ማን ነው የሞተው?"

"ቀስ በል። ወንድ ልጅ አይደለህም?"

"መሪጌታ፣ ይንገሩኝ፤ ወንድሜ ነው?"

አያ ሞላ ትከሻዬን ግጥም አድርገው ያዙኝ። "ፀዳለ ናት" አሉ፤ እንባቸው ቀደማቸው።

ሴቶቹ ጩኸቱን አቀለጡት። መሪጌታ ነገሩን አስረዱኝ፦ ለመድኃኔ ዓለም ወይዘሮ እንጉዳይን ሊጠይቁ መጥተው መጽሐፉን መደቡ ላይ አገኙት። የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ገለጥ ቢያደርጉ መቃብሯን አዩ።

"አንተ እኮ ገና ሠርጉ ላይ ነበርክ" አሉኝ። "እንዴት ደስ ብሎህ እንደምታነብላት እያየን፣ ብቻህን ሆነህ ድንገት እንዳትደርስባት ብለን ነው። ዝም ያልነውም ገብሱ እስኪገባ ነው።"

ለካ እኔ ከነሱ ስደብቅ እነሱም ከኔ ሲደብቁ ነው የሰነበትነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔው እውነት ከንጋት ጋር አብሮ በሬን አንኳኳ። "አውቅ ነበር" ብል፣ መሞቷን እያወቅሁ ሙሽራ አድርጌ ያዞርኳት ሰው ልሆን ነው። ይልቅ ሳቄ መጣ። በመርዶ ላይ ሳቅ... ፊቴን በጋቢ ሸፈንኩ። ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ ያዩ "አልቅስ፣ ይውጣልህ" አሉኝ። ወንድሜ በሕይወት አለ ብዬ ይሁን ለፀዳለ አዝኜ እንጃ፣ ሳቁ መካከሉ ላይ የምር ለቅሶ ሆነ።

ወይዘሮ እንጉዳይ ንፍሮ ይዘው ገቡ። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው "ገብሴ ገብቷል ልጄ፤ ቃልህን ጠብቀሃል። አሁን እንደ ልብህ አልቅስ" አሉኝ። ምን ያህሉን እንደሚያውቁ አልጠየቅኋቸውም።

ለቅሶው ደራ። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ሊያጽናኑኝ መጥተው "ምንህ ነበረች?" አሉኝ። አያ ሞላ ደረሱልኝ። "የሁላችንም ነበረች" አሉ። ዳይሬክተሩ አንዲት ጓድ የተሰዋች መስሏቸው ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ግራ እጃቸውን አነሡ፣ "ትግላችን ይቀጥላል" ብለው ወጡ።

በዓመቱ መጸው ገባና ደቦ ተጠራ። "መምህር፣ ዘንድሮስ ምን ይዘሃል?" አሉኝ። አሁን ብልጥ ሆኛለሁ፤ የዶሮ እርባታ መመሪያዋን ይዤ ወጣሁ። አጎት የለባትም፣ ፍቅር የለባትም፣ ማንም አያስልባትም። ስለ ጎጆዋ አነበብኩ፣ ስለ ጥሬዋ አነበብኩ፤ ማጭዱ ይሮጣል፣ ነዶው ይታሰራል፣ ወይዘሮ እንጉዳይ ፈገግ ብለዋል። ገጽ ገለጥኩና "ምዕራፍ አራት፤ የዶሮ በሽታ" ከማለቴ አያ ሞላ ማጭዳቸውን ወደ ላይ አንሥተው አስቆሙኝ።

"እሱን ዝጋው መምህር" አሉ። "ገብሱ ይግባና በማለዳ መጥተህ ቀስ ብለህ ትነግረናለህ።"