የአግዳሚው ክብርት ሊቀመንበር

ሐኪም የሌለው ሆስፒታል ሊኖር ይችላል። መድኃኒት የሌለው፣ ውኃ የሌለው፣ አልጋ የሌለውም ሞልቷል። ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ እሷ ያልተቀመጠችበት ሆስፒታል ግን ገና አልተሠራም። ታውቋታላችሁ። የበሩ እጀታ ገና ሲንቀሳቀስ ማን እንደሚጠራ የምትናገር፣ ነርሶቹን ሁሉ "ልጄ" እያለች የምታዝ፣ አዲስ በሽተኛ ቁጭ ሳይል ሕመሙን ከፊቱ አንብባ "ይቺማ ምን አላት" የምትል ሴት ናት። ዶክተሮች ይቀያየራሉ። እሷ ሥልጣን አትለቅም።

የካንሰር ክፍሉን አግዳሚ የምትመራው ክብርት ሊቀመንበር ዕድሜዋን የጨረሰችው በአውቶብስ ትኬት ቆራጭነት ነው። ስለዚህ ለሦስት ሰው የተሠራውን ወንበር ለስድስት ታከፋፍለዋለች። "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ቦታ ሞልቷል" ካለች ቦታ አለ ማለት ነው። የተጠራጠረ ሰው ግማሽ ጎኑን በአየር ላይ ይዞ ያስብበታል።

ከበሽተኞቹ አንዱ ባለ ስቱዲዮ ፎቶ አንሺ ነው። ዕድሜ ልኩን ሰዉን ሁሉ "ቀና በል፣ ፈገግ በል" ሲል ኖሮ፣ እዚህ አግዳሚ ላይ መጀመሪያ የተቀመጠ ዕለት የገዛ ከንፈሩ አልታዘዝ አለው። እብጠቱ የወጣው የዘር ፍሬው ላይ ነው። ለሚስቱ ወገቤን አመመኝ አላት። ለወንድሙም ወገቤን። ክብርት ሊቀመንበር ጎኑ ተሸጉጣ የቱ ጋ እንደሚያመው ስትጠይቀው ለእሷም ወገቤን አላት። ከላይ እስከ ታች አየችው።

"የወገብ ሰው እንዲህ እግሩን ከፍቶ አይቀመጥም" አለችና ወደ ወሬዋ ተመለሰች።

አግዳሚው አንድ ሕግ ብቻ አለው፤ ያወጣችው እሷ ናት። ሐፍረት ይዞ በዚያ በር መግባት ክልክል ነው። ማንም ሰው ከመጠራቱ በፊት፣ በምርመራው ይሁን በሕክምናው የደረሰበትን ጉድ ለአግዳሚው ዘርግፎ ነው የሚገባው። ፍርሃትና ሐፍረት ሁለት ሻንጣ ናቸው፣ ሁለቱንም አንጠልጥሎ በጠባብ በር መግባት አይቻልም፣ ፍርሃቱን እንደሆነ ማንም አይቀበልህም፣ ሐፍረቱን ግን እኛ እንይዝልሃለን ትላለች።

የምትጀምረው ከራሷ ነው። አንድ ጡቷ በቀዶ ጥገና ከወጣ በኋላ፣ ካልሲ በጥጥ ጠቅጥቃ ቦታው ላይ ሸጎጠችና ሥራ ገባች። አውቶብሱ ጢም ብሏል። ወደ ኋላ ወንበር እጇን ስትዘረጋ፣ ስትሰበስብ፣ ደግማ ስትዘረጋ፣ ለካስ ጡቷ ቀስ በቀስ ሽቅብ እየተጓዘ ኖሯል። አንድ ጨዋ ተሳፋሪ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ ትከሻዋ ላይ ያለውን እብጠት ሐኪም አይቶት እንደሆነ በትሕትና ጠየቃት። በዚያን ቀን፣ ትላለች ክብርትነቷ፣ ፌርማታ ሳልጠራ መጨረሻው ደረስን።

ሌላው የአግዳሚው አባል፣ ጡረተኛው ኮሎኔል፣ የሆስፒታሉን ጋዋን ክፍቱን ከፊት አድርጎ ለብሶ፣ ኮሪደሩን በሰልፍ እርምጃ አቋርጦ፣ ለዋናዋ ነርስ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጥቷል። ኮሪደሩ በሙሉ ወደ ግድግዳ ዞሮ ቆመ ይባላል። ኮሎኔሉ ለማዕረጉ የተደረገ ክብር መስሎት ነበር። ባለሱቁ ደግሞ አምጣ የተባለውን የሰገራ ናሙና በሚያምር የከረሜላ ቆርቆሮ አድርጎ ሲመጣ፣ በር ላይ ጥበቃው ካልፈተሽኩ ብሎ ድርቅ አለ። ባለሱቁ ለመነ፣ ጥበቃው ጠረጠረ፣ ቆርቆሮው ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ያ ጥበቃ ካንሰር ክፍል ነኝ የሚለውን ሁሉ ሳይነካ፣ አንገቱን ዞር አድርጎ ነው የሚያሳልፈው።

ፎቶ አንሺው ተራው ሲደርስ ከጉዱ ቀለል ያለችውን መረጠ። ሲቲ ስካን ሊነሳ ተንጋልሎ፣ ከላይ በድምፅ ማጉያ "ዝግጁ ነዎት? አይተንፍሱ" ሲባል፣ ሠላሳ ዓመት የለመደ ሰውነቱ ሳይጠይቀው ቀና አለ፣ ቆንጆ ወደሚባለው ግራ ጎኑ ዞረና ፈገግ ብሎ ደረቀ። ባለሙያው ከመስታወቱ ጀርባ ወጥቶ፣ የሚያነሱት ሆዱን እንደሆነና እንደገና መጀመር ግድ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳው። አግዳሚው ሳቀ። ክብርት ሊቀመንበር ግን ፊቷን አልፈታችም። ይቺ የልጅ ትኬት ናት አለችው፤ የአዋቂውን ገና አልቆረጥክም።

የአዋቂውን ሊቆርጥ አልፈለገም። እንዲህ እንዲህ እያለ የውጤት ቀን ደረሰ።

በዚያ ጠዋት ሸሚዙን ሁለቴ ቀየረ፤ ሁለቱም ጀርባው ላይ በላብ ራሱ። እብጠቱ ካንሰር ይሁን አይሁን፣ ሌላ ቦታም ሄዶ እንደሆነ ዛሬ ይነገረዋል። ነርሷ በሩን በከፈተች ቁጥር ዓይኑ ከበሩ ይልቅ ደረጃው ላይ ነበር። ተነስቶ ቢወርድ ማን ያስቆመዋል? ስቱዲዮው ይገባል፣ መብራቱን ያበራል፣ ወገቤን ብሎ ይኖራል።

ከእሱ በፊት የተጠራችው ክብርት ሊቀመንበር ናት። ለእሷም የክትትል ውጤት ነበራት። "ይቺማ ምን አላት" ብላ ገባች። ወጣች። መጥታ ጎኑ ተቀመጠች። ጠጋ በሉ አላለችም፤ ባለሱቁ ራሱ ጠጋ አለላት።

"እትዬ፣ ምን አሉሽ?" አላት ፎቶ አንሺው በሹክሹክታ።

"ተመልሷል" አለችው።

የተለመደውን ቃሏን እስክትጨምር ጠበቀ። አልጨመረችም። የእሱ ስም ተጠራ።

"እኔ እፈራለሁ፣ እትዬ።"

"እኔም።"

ነርሷ ደግማ ጠራችው። ደረጃውን አየ፤ ቅርብ ነው። ከዚያ ጎኑ ያለችውን ሴት አየ። እጆቿን ጭኗ ላይ እንደ ሰው ዕቃ አስቀምጣቸዋለች። እሱ ቢሄድ ከዚያች ቃል ጋር ብቻዋን ልትቀር ነው። ለአግዳሚው በሙሉ ተናገረ።

"ወገቤን አይደለም።"

ነገራቸው። የሚያውቀው ሰው እንዳያገኘው ብሎ ከሰፈሩ የራቀ ሆስፒታል መርጦ መጣ። የመጀመሪያው ምርመራ ቀን መጋረጃ ውስጥ አስገቡት። ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ወድቆ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። ወጣቷ ዶክተር ጓንቷን አጥልቃ መመርመር ጀመረች፤ ከዚያ በድንገት እጇ ቆመ። አለቀልኝ አለ በልቡ። ምነው ዶክተር ሲላት፣ "ጋሼ፣ የት እንደማውቅዎ ከቅድም ጀምሮ እያሰብኩ ነበር። ሠርጌን ያነሱት እርስዎ ነዎት" አለችው።

"አንተስ ምን አልክ?" አለ ኮሎኔሉ።

"ምን ልበል? አልበሙን ወደዳችሁት ወይ አልኳት።"

"እሷስ?"

"በጣም አለችኝ። እጇን ሳታነሳ።"

ባለሱቁ ከወንበሩ ተንሸራተተ። ኮሎኔሉ ማዕረጉን ረስቶ ጭኑን መታ። ክብርት ሊቀመንበር ግን ወለሉን እያየች ቆየች። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀሳቀሰ፣ ቀጥሎ ሆዷ፣ ቀጥሎ ያ ጢም ባለ አውቶብስ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማው ድምፅ ፈነዳ። ነርሷ ለሦስተኛ ጊዜ ልትጠራው አፏን ከፍታ ረሳችው።

"ግባ እንግዲህ" አለችው ክብርትነቷ በእጇ ጀርባ ጀርባውን ገፋ አድርጋ። "እኔ የትም አልሄድም።"

ያቺው ሙሽራ ዶክተር ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራ ጠበቀችው። ካንሰር ነው አለችው። ቀና ብላም፣ ሌላ ቦታ አልሄደም፣ በጊዜ ነው የመጡት አለችው። ድገሚልኝ አላት፤ ደገመችለት። ቀዶ ጥገናው በቅርቡ መደረግ አለበት። ባለቤቱ ታውቅ እንደሆነ ስትጠይቀው ወገቤን ታውቃለች አላት። ዛሬውኑ ሌላውንም እንዲነግራት አዘዘችው፤ እሺ አለ። ፍርሃቱ አልለቀቀውም፤ ይዞት መራመድ እስኪችል ድረስ ግን አነሰ።

ሲወጣ ኮሎኔሉም ባለሱቁም ዓይናቸውን ፊቱ ላይ ተከሉ። ክብርት ሊቀመንበር ብቻ አላየችውም። የሰውን ሁሉ ሕመም ከፊቱ የምታነበው ሴት ዓይኖቿን ጥርቅም አድርጋ ጨፍና፣ ሁለት ጣቶቿን ጆሮዎቿ ውስጥ ከታ፣ እንደ ሕፃን ተኮራምታ ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጠ። አንደኛውን ጣቷን ከጆሮዋ ቀስ ብሎ አወጣው።

"አልተሰራጨም" አላት።

ለራሷ ወሬ ዓይኗ እርጥብ ያላለ ሴት፣ ለእሱ ወሬ በእጅጌዋ ፊቷን ሸፍና ተንሰቀሰቀች። ሲበቃት ፊቷን ጠራረገችና ተቆጣችው።

"ታዲያ እዚህ ምን ይጎልትሃል? ሥራ የለህም?"

ስቱዲዮው ደጃፍ ላይ ሰዎች ፀሐይ ላይ ቆመው እየጠበቁት እንደሆነ ያውቃል። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ይነዝራል። ከዚያ በር ወጥታ ስሟን የምትጠራው ነርስ ዛሬውኑ እንደ አዲስ የካንሰሩን መድኃኒት ልትሰቅልላት እንደሆነም ያውቃል።

"የለኝም" አላት፤ ጃኬቱንም አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።