ገመድ የማይጥለው ሰው

በየሰፈሩ ገመድ የማይጥል አንድ ሰው አለ። የለም ካላችሁ አልጋችሁ ስር እዩ፤ ምናልባት እናንተው ናችሁ። የእኛው የአክስቴ ባል ነው፤ ኮምፒውተር ሲጠግን ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል። ሰፈሩ ሊቀ ገመድ ብሎ ሾሞታል፤ እሱም ሹመቱን አልመለሰም።

ስድስት ካርቶን ገመድ አለው። አንድ ቀን አክስቴ ሰፊውን ግራጫ ገመድ፣ ያንን እንደ መቀነት ጠፍጣፋውን፣ መጋረጃ አሰረችበት። ሊቀ ገመድ ገባ፣ አየ፣ ወንበር ላይ ወጥቶ ፈታው፣ አጥፎ ካርቶኑ ውስጥ መለሰው። ከዛ ምሳውን በላ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ታሞ ተኝቶ፣ ነርሷ የልብ ትርታ የሚያሳየውን ማሽን ስታያይዝለት፣ ሕመሙን ትቶ ሶኬቱ ስንት እግር እንዳለው ጠየቃት። ጣለው ለሚለው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ "ባለቤቱ አልመጣም እንጂ ይመጣል።"

ታሪኩን ሲያወራ የትውልድ ቆጠራ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ ይሄ ጠፍጣፋው ነበር፤ ሁለት ሀርድ ዲስክ አንዱን ገመድ ይጋራሉ። ከዛ ሳታ የሚሉት ገመድ መጣ፤ ቀጭን፣ ለእያንዳንዱ ዲስክ የራሱ። ከዛ ዲስኩ ራሱ እንደ ማስቲካ ሳስቶ ማዘርቦርዱ፣ ዋናው ሰሌዳ፣ ላይ ተኛ፣ ገመድ የሚባል ነገር ቀረ። እዚህ ጋ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ሰው። ጎረቤታችን የኮሌጅ ተማሪው ወደፊት ሁሉም በአየር ነው ቢለው፣ "በአየር የመጣ በአየር ይሄዳል" አለው። እኔም ስቄበት ነበር።

ባለፈው ሳምንት ልብስ ሰፊዋ ልጇን ይዛ መጣች። አሮጌ ሀርድ ዲስክ በጨርቅ ጠቅልላለች። ባሏ የሞተው ልጅቷ ሳትወለድ ነው። ታሞ እያለ ለሚወለደው ልጅ ድምፁን ቀድቷል፤ ያለው እዚህ ውስጥ ብቻ ነው። ልጅቷ አሁን አስራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አባቷን ሰምታው አታውቅም። አራት ሱቅ ዞረዋል። ሁሉም የሚሰካበት የለም ብለው መለሷቸው፤ አንዱማ ሙዚየም ውሰጂው ብሏታል።

ሊቀ ገመድ ካርቶኑ ውስጥ እጁን ከትቶ ጠፍጣፋውን ገመድ ሳያይ አወጣው። ዓይኑ ስለደከመ የሰካሁት እኔ ነኝ፤ አሮጌው ኮምፒውተሩ ላይ፣ ከራሱ ዲስክ ጋር፣ በዛው ገመድ። አበራን። ምንም። የሷ ብቻ ሳይሆን የሱም ዲስክ ጠፋ። የሰው አባት የገደልኩ መሰለኝ። ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን ማጣጠፍ ጀመረች።

"ቆይ እህቴ፣ አትቸኩይ" አላት። ኮምፒውተሩን አጠፋና የዲስኮቹን ኋላ እንዳይለት አዘዘኝ። የሩዝ ፍሬ የምታክል ፕላስቲክ አለች፤ ገመድ ሲጋሩ አንደኛውና ሁለተኛው ማን እንደሆነ የምትለየው እሷ ናት። ሁለቱም አንደኛ ላይ ነበሩ። እኔ ይሄን ሳላይ ነው የሰካሁት።

"ባንድ ገመድ ሁለት አለቃ" አለኝ። "መስሪያ ቤት አድርገሽው ነዋ ስራ የቆመው። እንግዳውን ሁለተኛ አርጊው፣ ቅር አይለውም።"

ፕላስቲኳን በወረንጦ ነቅዬ አዛወርኳት፤ ሁለቴ ከእጄ ወደቀች። እንደገና አበራን። ዲስኩ አጓራ፣ አጓራና ተከፈተ።

ቅጂው አንድ ደቂቃ አይሞላም። ምክር የለበትም። አባቷ አሳለና "ወንድ ሁን ሴት ሁኚ አላውቅም" አለ። "ብቻ እናታችሁ መርፌ ጠፋኝ ስትል፣ ከንፈርሽ ላይ ነው በሏት።" ሳቀ። አለቀ።

ልጅቷ እናቷን አየቻት፣ ከዛ ወደ ስክሪኑ ዞረች። "አሁንም እንደዛው ናት" አለችው።

ሊቀ ገመድ ካርቶን ላስተካክል ብሎ ተነሳ። የሚስተካከል ካርቶን አልነበረም።

ሦስት ቦታ ቀዳንላቸው። ሲወጡ፣ በየአምስት ዓመቱ ወደ አዲሱ ዓይነት እንዲያዛውሩት አደራ አላቸው፤ ሶኬት ከሰው ቀድሞ ይሞታል ብሎ።

በማግስቱ ምሳ ላይ፣ የገመዶቹን ታሪክ ከመጀመሪያው ንገረኝ አልኩት። ስልኬን ጠረጴዛው ስር ይዤ ቀዳሁት። አርባ ደቂቃ ወጣው፤ አክስቴ ምግቡ ቀዘቀዘ እያለች ሦስት ጊዜ አቋርጣዋለች። አዲሱ ዲስኬ ላይ አስቀመጥኩት። በየአምስት ዓመቱ ማዛወሩን እንዳልረሳ እፈራለሁ። ከዛ በላይ ደግሞ፣ ድምፁን ብቻ ከፍቼ የምሰማበት ቀን እንዳይመጣ እፈራለሁ።