ከሁለት መቶ ላይ ሃያ ሲቀነስ

የዕቃ መመሪያ የሚጽፉ ሰዎች የት እንደሚኖሩ አላውቅም፤ ደብረ ብርሃን እንደማይኖሩ ግን እርግጠኛ ነኝ። «ሊጡን በክፍሉ ሙቀት ለአንድ ሰዓት ያቆዩት» ይላሉ። የየትኛው ክፍል ሙቀት? እኛ ቤት በኅዳር ወር ክፍሉ ራሱ የሚያሞቀው ሰው ይፈልጋል። ሊጡን አንድ ሰዓት ብታቆዩት እንዳስቀመጣችሁት ታገኙታላችሁ። ሁለት ሰዓት ብታቆዩትም ያው ነው።

ይህን የምለው ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። እኔ በአንድ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ማሽን ሲያኮርፍ ማባበል ነው። አንደኛው አልባበል ብሎ የቀኝ አመልካች ጣቴን ጫፍ ወስዶ አስቀርቷል፤ ከሌሎቹ ጋር ግን ተስማምተን እንኖራለን። ስለዚህ የባለቤቴ የወይንሸት ወንድም ከአዲስ አበባ ኤር ፍራየር የሚባለውን ዕቃ ይዞልን ሲመጣ ምንም አልደነገጥኩም። ላላየው ሰው ላስረዳ፤ ቁመቱ ባልዲ የሚያህል፣ ከፊቱ እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ የሚሳብ ቅርጫት ያለው፣ ከአናቱ በጋለ ሽቦና በማራገቢያ ትኩስ ነፋስ እየነፋ የሚያበስል ዕቃ ነው። ወይንሸት አንድ ቀን ድንች ጠበሰችበትና «ደግ ነው» ብላ ቁምሳጥን ላይ ሰቀለችው። እዚያው ይኖር ነበር፣ የዳቦው ጉዳይ ባይመጣ።

የዳቦው ጉዳይ እንዲህ ነው። በሰፈራችን የሚካኤል ማኅበር አለን። አሥራ ሁለት ቤተሰብ ነን፤ ወር በገባ በአሥራ ሁለት ተረኛው ቤት እንሰበሰባለን። ተረኛው ዳቦና ጠላ ያዘጋጃል፣ የነፍስ አባታችን ዳቦውን ባርከው ይቆርሳሉ፣ እኛም እንበላለን፤ በልተንም እናማለን። ወሩም አሥራ ሁለት እኛም አሥራ ሁለት ስለሆንን የእኛ ቤት ተራ ሁልጊዜ ኅዳር ላይ ነው። ዓምና በዚሁ ቀን ወይንሸት ለዘመድ ለቅሶ አንኮበር ወርዳ ነበር። ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ከዳቦ ቤት አንድ ትልቅ ዳቦ ገዛሁ፤ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ላጥኩ፤ ኮባ ቅጠል ገበያ ፈልጌ አምጥቼ አለበስኩትና ሰፌድ ላይ አስቀመጥኩት። «ማን ጋገረው?» ሲሉኝ «እኔ» አልኩ። አንዲት ቃል ናት። ሰው በአንዲት ቃል ይህን ያህል ይጠፋል ብዬ አልገመትኩም።

አባ ሊቆርሱት ገልበጥ ሲያደርጉት ከዳቦው ሥር አንድ መዳፍ የሚያህል ጋዜጣ ተጣብቆ ተገኘ። መነጽራቸውን አወጡና አነበቡት፤ የእግር ኳስ ዜና ነው። «ሁለት ለዜሮ» አሉ። ማን ማንን እንዳሸነፈ የሚናገረው ክፍል ከቅርፊቱ ጋር ስለ ተዋሐደ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

የተሸነፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሌ ቃል መሆኑ ቀረ። በተለይ እትዬ አስካለ ዘንድ። እትዬ አስካለ የአጥር ጎረቤታችንና የማኅበሩ ታላቅ ናቸው፤ ተወልደው ያደጉት አንኮበር ነው፤ ዳቦ አሽትተው ብቻ ስንዴው የእነዋሪ ይሁን የመዘዞ እለያለሁ ይላሉ፣ ደፍሮ የሚፈትናቸውም የለም። እኚህ ሴትዮ ዝናብ መጣ ስላቸው እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ማረጋገጥ ጀመሩ። ጉንፋን ይዞኝ ከማኅበር ቀረሁ ብል ግንባሬን ሊዳስሱ ቤት ድረስ መጡ። ሰዉ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፍሬ ነበር። ሃያ ዓመት በኖርኩበት ሰፈር የማልታመን ሰው ሆኜ መቅረቴ ያንገበግበኝ ነበር።

ዘንድሮ ደግሞ ሚካኤል ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወይንሸት ጠዋት ደጃፍ ላይ ውርጩ አንሸራትቷት ወደቀችና የእጇ አንጓ ተሰበረ። ጀሶ ታሰረላት። እትዬ አስካለ ሊጠይቋት መጥተው ሲያበቁ፣ ለዳቦው አታስቡ፣ እኔ እጋግራለሁ አሉ፤ እሱ ብቻ ወረቀት እንዳይጨምርበት ብለው ወደኔ አዩ። እኔም ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ።

«ዘንድሮ በገዛ እጄ ነው የምጋግረው» አልኩ።

«እናያለን» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

እንግዲህ ቃል ወጣ። ኦቭናችን መብራት እየመጣ እየሄደ ከገደለው ቆይቷል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቤት እንዴት የተበላሸ ኦቭን ይቀመጣል ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ሐኪምስ አይታመምም? ኤር ፍራየሩን ከቁምሳጥን አወረድኩና የወይንሸትን ደብተር ከፈትኩ። በኦቭን የምትጋግረውን ጽፋዋለች፤ ሁለት መቶ ዲግሪ፣ ሃምሳ ደቂቃ። የኤር ፍራየሩ መመሪያ ደግሞ የኦቭኑን አሠራር ለመለወጥ ከዲግሪው ላይ ሃያ፣ ከደቂቃው ላይ አንድ አምስተኛ ቀንሱ ይላል። መቶ ሰማንያ ዲግሪ፣ አርባ ደቂቃ ማለት ነው። ሒሳቡን የአራተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። የወጣውን ዳቦ ግን የአራተኛ ክፍል ተማሪ አይደለም፣ ማንም አይበላውም።

ምክንያቱም ሊጡን ለኦቭን በሚሆነው ልክ ነበር ያቦካሁት። ቅርጫቱ ውስጥ አልገባ ሲል በቀኝ መዳፌ ተጭኜ አስገባሁት። የተጫንኩት መሃሉ ጎድጉዶ ቀረ፤ ዙሪያው ተነሥቶ የጋለውን ሽቦ ነካ። ኦቭን ከታች ቀስ ብሎ ነው የሚያሞቅ፤ ይኼ ግን አናት አናቱን ነው የሚለው። ላዩ ከሰል፣ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ወጣ። በማግስቱ ደርቆ ድንጋይ ሆነ። ልጥለው ስል ወይንሸት ከለከለችኝ። የኩሽናው በር በነፋስ እየተላተመ አላስተኛ ብሏታልና በሩን ደግፍልኝበት አለችኝ። ደገፍኩበት። እውነቱን ለመናገር በዚያ ሥራ ላይ እንከን አልተገኘበትም።

ሁለተኛው ላይ ወይንሸት ኮባ ያልለበሰ ድፎ ድፎ አይባልም አለች። እውነቷን ነው። ከደብረ ሲና በኩል የመጣ ለምለም ኮባ ገዛሁና ሊጡን ከታችም ከላይም አለበስኩት። ኦቭን ውስጥ ነፋስ የለም፤ ቅጠሉ እንደ ተኛ ይጋገራል። ይኼኛው ግን ነፋስ ነው የሚያበስለው! ማራገቢያው የላይኛውን ቅጠል አንሥቶ ሽቦው ላይ ለጠፈው። ቤቱ በጭስ ተሞላ። እትዬ አስካለ በጆግ ውሃ ይዘው ሲሮጡ ደረሱ፤ ኤሌክትሪክ ላይ ውሃ አይደፋም ብዬ በሩ ላይ ያዝኳቸው። ዳቦ ነው፣ ምንም አይደለም አልኳቸው። እሳቸውም እኔስ ዳቦ ነው ብዬ አልመጣሁም፣ ቤቱ መስሎኝ ነው ብለው ውሃቸውን ይዘው ተመለሱ።

ሦስተኛው ላይ በአሥራ ስምንተኛው ደቂቃ መብራት ሄደ። ይህን የሚመለከት አንቀጽ መመሪያው ውስጥ ፈለግኩ፤ የለም። መብራቱ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲመለስ ዳቦም ሊጥም ያልሆነ ነገር ተገኘ። ዱቄት አይጣልም ብዬ በላሁት። ሆዴ ለሁለት ቀን ሲከራከረኝ ሰነበተ።

አሁን ሌላ ሰው ቢሆን ይተው ነበር። እኔ ግን እልህ ያዘኝ። ፋብሪካ ውስጥ የማላውቀው ማሽን ሲገጥመኝ እንደማደርገው ደብተር ያዝኩና እያንዳንዱን ሙከራ ጻፍኩ፤ ስንት ዲግሪ፣ ስንት ደቂቃ፣ ምን ተቃጠለ። ሊጡ በብርዱ አልነሣ ሲል ራሳችን የምንሠራውን ባለ ሁለት ፊት ብርድ ልብስ አለበስኩት። ወይንሸት የኛን ብርድ ልብስ ለሊጥ ሰጥተህ እኛ ምን እንልበስ ብላ አጉረመረመች። ሚካኤል እስኪያልፍ ነው አልኳት። ቀስ በቀስ ነገሩ ገባኝ። መመሪያው ቀንሱ የሚለው ዲግሪና ደቂቃ ብቻ ነው፤ መቀነስ ያለበት ግን መጀመሪያ ሊጡ ነው! ሁለት ጣት ውፍረት ካለፈ ውስጡ አይበስልም። ኮባውን በቅርጫቱ ልክ ከርክሜ የላይኛውን ከታችኛው ጋር በስንጥር ሰፋሁት። ቅርጫቱን ባዶውን አስቀድሜ አሞቅኩ። በመቶ ስልሳ ዲግሪ ሃያ አምስት ደቂቃ፤ ከዚያ ቅጠሉን ገልጬ፣ ዳቦውን ገልብጬ፣ አሥር ደቂቃ። ስምንተኛው ሙከራ ላይ ሥሩን በጣቴ ኳ ኳ ሳደርገው ባዶ ጣሳ መሰለ። ወይንሸት ቀመሰች። በደህናው እጇ ሁለተኛ ቁራሽ አነሣች። ከዚያ በላይ ምን ትበል?

የሚካኤል ዕለት ማለዳ ተነሥቼ አራት ዳቦ በየተራ ጋገርኩ። መብራቱ እንኳ አዘነልኝ መሰል አልሄደም። አራቱን ሰፌድ ላይ ደርድሬ ሳያቸው በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ማኅበርተኛው ተሰበሰበ። ጸሎት ተደረገ። አባ ዳቦውን አንሥተው፣ ከመቁረሳቸው በፊት፣ መነጽራቸውን አደረጉና ሥሩን ገለበጡ። ቤቱ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ወረቀት የለም። አባ ባርከው ቆረሱ፤ ተበላ። እኔ በልቤ ንግግር እያዘጋጀሁ ነበር። እትዬ አስካለ ቁራሻቸውን አሸተቱ፣ አላመጡ፣ ዋጡ።

«ዳቦው ጥሩ ነው» አሉ። «ችግሩም እሱ ነው። ይኼ አንተ የጋገርከው አይደለም፤ ዘንድሮ ወረቀቱን አጥርተህ ነው የላጥከው።»

ማኅበርተኛው ራሱን ነቀነቀ። ጭሱን በዓይንዎ አይተው የለም ወይ አልኳቸው። ቅጠል ስታቃጥል አይቻለሁ፣ ዳቦ ስትጋግር ግን አላየሁም አሉኝ። ኤር ፍራየሩን አምጥቼ አሳየሁ፤ ይኼ ድንች መጥበሻ ነው ተባለ። ደብተሬን አሳየሁ፤ አንዱ፣ ጽሑፍማ የዓምናውም ዳቦ ነበረው አለ። እንግዲያው እዚሁ ፊታችሁ እጋግራለሁ ብዬ ሶኬቱን ሰካሁ፤ ማለዳውን ሙሉ የታገሠኝ መብራት ያን ጊዜ ሄደ። ልምል ስል አባ በሚካኤል ዕለት መሐላ አይሆንም ብለው ከለከሉኝ። ወይንሸት እኔ ምስክር ነኝ ብትል እትዬ አስካለ አንቺማ ባልሽ ነው፣ ምን ትይ ብለው አለፏት። ዓምና ዋሽቼ ሃፍረቱን ተቀበልኩ፤ የሚገባኝ ነው። እውነት ተናግሮ ውሸታም መባል ግን ሌላ ነገር ነው። እንዲያ የተጋገረ ዳቦ ፊቴ ቁጭ ብሎ እኔን ይከስሰኛል! ምነው ትንሽ ባሳረርኩት አልኩ በልቤ።

ወይንሸት ተነሥታ ወደ ኩሽና ሄደች። ወዲያው የኩሽናው በር በነፋስ ሲላተም ተሰማ። ስትመለስ በደህናው እጇ ያንን ጥቁር ድንጋይ ይዛለች። እትዬ አስካለ ፊት አስቀመጠችው። እሳቸው በጣታቸው አንኳኩት። አሸተቱት። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው መሃሉ ላይ የጎደጎደውን አዩና ወደኔ ዞሩ።

«እጅህን አምጣ» አሉ።

ቀኝ መዳፌን ጎድጓዳው ላይ አሳረፍኩ። አራቱ ጣቶቼ በየቦታቸው ገቡ፤ አመልካች ጣቴ አጭር ነው፣ የሱም ጉድጓድ አጭር ሆኖ ጠበቀው። አባ ሳይቀሩ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይኼማ ያንተ ነው» አሉ እትዬ አስካለ። ከዚያ ሰፌዱን ወደራሳቸው ሳብ አደረጉና አንድ ቁራሽ ጨመሩ።

እንዲህ ሆኖ ታመንኩ። ያን ያህል ለፍቼ የጋገርኳቸው አራት ቆንጆ ዳቦዎች ውሸታም ሲያሰኙኝ፣ ከሰል የሆነው አንዱ መሰከረልኝ። ምስክሬን መልሼ በር ሥር ማስቀመጥ ነውር መሰለኝና ሳሎን ቡፌው ላይ ከብርጭቆዎቹ አጠገብ አኖርኩት። ዝናብ መጣ ስላቸው እትዬ አስካለ አሁን እጃቸውን በመስኮት አያወጡም፤ ልብሳቸውን ከገመድ ያወርዳሉ።

የኩሽናው በር ግን መላተሙን ቀጠለ። ወይንሸት ለበሩ የሚሆን ሌላ እንድጋግርላት ጠየቀችኝ። የፊተኛውን ሙከራ ከደብተሬ አውጥቼ ሊጡን አበዛሁ፣ በመዳፌ ተጫንኩ፣ መቶ ሰማንያ ዲግሪ አርባ ደቂቃ አደረግኩ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ እጄ ለምዶ ነው መሰል አልበላሽ አለኝ። ሦስቱንም እትዬ አስካለ በልተው አመሰገኑኝ።