አሥራ ሰባቱ ኢናሶች

ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የሚያጠፉና የሚያባዙ። የሚያጠፋው አጥፍቶ ይቅርታ ይጠይቃል። የሚያባዛው ግን ምን እያሰበ እንደሆነ አይታወቅም። በየፎቶ ቤቱ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው፣ እዚህ ኢምባባ ሰፈር፣ ክቡር ባሽሙሀንዲስ ራጋይ ናቸው። ምህንድስና አልተማሩም፤ በሰፈራችን ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ሁሉ ባሽሙሀንዲስ ነው። ከዚህ በኋላ ግን አንተ ልበለው፤ የልጄ እኩያ ነው።

ራጋይ አንዲት ብጉር ለማጥፋት መጀመሪያ ፎቶውን ያባዛል። ጥርስ ለማንጣት ሌላ ቅጂ፤ ቅጂዎቹን እንደ ስስ ላስቲክ አንዱን በአንዱ ላይ ይደርባቸዋል። «ኦሪጅናሉ አይነካም!» ይላል፣ የሚምል ይመስል። ፉል ሳንድዊች እንኳ ሁለት ነው የሚገዛው፤ አንዱን ይበላል፣ ሌላውን «ለማመሳከሪያ» ያስቀምጣል።

የሙሽሮችን ፎቶ የምቀበለው እኔ ነኝ። ፀጉራቸውን ገልጠው የተነሡትን ለወንድ እጅ አይሰጡም። «ኡም ሻዲያ፣ አደራው በአንቺ ነው» ብለው ለእኔ ለሻዲያ እናት ይሰጡኛል፤ ራጋይም የሚሠራው እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እያየሁት ነው። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ባቋርጥም መቁጠር እችላለሁ። ባለፈው ሐሙስ የጎረቤቴን ልጅ ኢናስን ቆጠርኩ። «ኢናስ»፣ «ኢናስ ቅጂ»፣ «ኢናስ የመጨረሻ»፣ «ኢናስ የእውነት የመጨረሻ»... አሥራ ሰባት!

«አንተ፣ ልጅቷ ያገባችው አንድ ጊዜ ነው። አሥራ ስድስቱ ለማን ናቸው?»

«ለማንም።»

«ለማንም ያልሆነ ነገር ይጠፋል። አንዷ ኢናስ በሰው ስልክ ላይ ብትታይ ትዳሯ ይፈርሳል፤ እኔም በዚህ ሰፈር ቀና ብዬ አልሄድም። አንዱን ትተህ ሌላውን ደምስስ!»

«እስከ ቅዳሜ ታገሺኝ፣ ኡም ሻዲያ።»

እስከ ቅዳሜ! ሌባም ቀጠሮ ይጠይቃል ማለት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ለፎቶ ቤቱ ባለቤት ልናገር ቆርጬ ገባሁ። ቀድመውኝ የገቡት ግን የኢናስ አማት ሐጃ ኢንሺራህ ናቸው። የሰርጉን የቤተሰብ ፎቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

«የት ነው ያለሁት?»

«እዚሁ ነዎት፣ ሐጃ፤ ፊቴ ቆመዋል።»

«ፎቶው ውስጥ ነው ያልኩሽ! ሙሽራውን የወለድኩ እኔ፤ በቦታዬ የአበባ ማስቀመጫ ገትራችሁ! ይቺ ልጅ ያስደረገችው ከሆነ ዛሬውኑ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች።»

ያስደረገችውማ እሷ ናት። «አማቴን አውጣልኝ» ብላ ራጋይን ስትለምነው አጠገቧ ነበርኩ።

ራጋይ ግን ወንበር ሳበላቸው። «ፎቶው ገና አላለቀም፣ ሐጃ። ረዳቴ ተሳስታ ነው የሰጠችው። እርስዎን ለብቻዎ በጥንቃቄ ልሠራዎት ብዬ ወደ ጎን አድርጌዎት ነበር።»

ረዳቴ! ለዛሬ ይሁን። ኮምፒውተሩን አንዴ ነካ አደረገ፤ ማስቀመጫው ጠፍቶ ሐጃ ከነወርቃቸው ቆሙ። ሌላ ነካ አደረገ፤ ሁለተኛው አገጫቸው የለም።

ሐጃ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። «ያኔ እንዲህ ነበርኩ» አሉ፣ ድምፃቸው ወርዶ።

«ለሳሎን ግድግዳ ደግሞ ይሄኛው አለ፤ ወንድ እንግዳ ስለሚያየው።» በዚያኛው ቅጂ ኢናስን ሻሽ አልብሷታል።

«የልጄ ሚስት አሰበችበት?»

«እሷ ናት ያለችኝ።»

ዓይኑን ሳያሽ ዋሸ። ሐጃ ባለ አንድ አገጩን በትልቁ አዘዙ፤ ኢናስም በቤቷ ቀረች።

ከሄዱ በኋላም አላመንኩትም። አሥራ ሰባቱን አንድ በአንድ ከነምክንያታቸው አስቆጠርኩት። «እስከ ቅዳሜ» ያለኝም ፎቶው ቤት ከደረሰ በኋላ የሚቆጣ ዘመድ እስኪመጣ ነበር። አማት ያለችበት፣ የሌለችበት፣ የቀጠነችበት፣ ሁለቱ አማቶች ቢጣሉ ተራርቀው የቆሙበት...

«የመጨረሻውስ?»

«እንጃ። ያልታሰበ ነገር ከመጣ።»

«የእኔንስ የመታወቂያ ፎቶ ስንት አድርገኸዋል?»

«አንድ።»

«ምነው? ሰው አይደለሁም?»

«አንድም የሚነካ ነገር አላገኘሁበትም» አለ፣ ፊቱን ሳያዞር።

ከዓይኔ ሥር ያለው እብጠት ከመንገድ ማዶ ይታያል። ሐጃን እንደዋሸ እኔንም መዋሸቱ ነው። ግን ደግሜ አልጠየቅሁትም፤ ሐሳቡን እንዳይቀይር።