የአቶ ጎድሎታል አምፕሊፋየር

ምንም ነገር የማይሞላለት ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ልብስ ሰፊ አሥር ጊዜ ቢለካው ትከሻው ይይዘዋል፤ ፀጉር አስተካካይ መስታወቱን ከኋላው ሲያሳየው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ዝም ይላል፤ ዝምታው ደግሞ ከስድብ ይከፋል። የአንድ ሰፈር ሬዲዮ ጠጋኝ በሠላሳ ዓመት የሥራ ዘመኑ የእነዚህን ሰዎች ሊቀ መንበርና የበላይ ጠባቂ ለማወቅ በቅቷል። ሰውዬው ጊታር ተጫዋች ነው። ሰፈርተኛው «አቶ ጎድሎታል» ይለዋል፤ እሱም ስሙን እንደ ማዕረግ ተቀብሎታል።

አቶ ጎድሎታል የሚጫወተው ሰርፍ የሚባለውን ሙዚቃ ነው። ድሮ፣ እሱ ጎረምሳ ሳለ፣ በጣውላ ላይ ቆመው ማዕበል የሚጋልቡ ወጣቶች ያበዱለት ሙዚቃ ነበር፤ ዘፋኝ የለውም፤ ጊታሩ ብቻውን ይሮጣል። እሱ ራሱ ባህር አይቶ አያውቅም። ይሁንና ድምፁ እርጥብ መሆን አለበት ባይ ነው። «ውሃው እግሬ ድረስ ካልመጣ ምኑን ሙዚቃ ሆነ!» ይላል።

ለዚህ እርጥበት ሲባል ያልተደረገ ነገር የለም። የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው ሣጥን፣ አምፕሊፋየሩ፣ ትንሽ ከሆነ ሲጮህ ይሻክራልና፣ ጠጋኙ ጉልበት ያላትን ትልቋን እንዲመርጥ መከረው። መረጠ፤ በሁለት ሰው አሸክሞ አመጣት። «ጥሩ ናት፤ ግን አንድ ነገር ጎድሏታል» አለ። ስፒከሯ በሰፊ ተለወጠ። አሁንም ጎድሏታል። የመስታወት አምፖሎቿ ተቀየሩ። ያው ነው። በሆዷ ውስጥ ተንጠልጥለው ድምፁን እንደ ዋሻ የሚያስተጋቡት ቀጫጭን ሞላዎች በረጃጅም ተተኩ። ከዚያ ወዲያ ሣጥኗን በእግር ነካ ሲያደርጓት ነጎድጓድ ትለቅ ጀመር፤ ጎረቤት ያለችው ልብስ ሰፊም ዝናብ መስሏት ያሰጣችውን ሰበሰበች። ክቡርነታቸው ግን ጆሮአቸውን ወደ ሣጥኗ አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ፍርዳቸውን ሰጡ።

«ነጎድጓዱስ መጥቷል። ብልጭታው ነው የቀረው። ቀጭኑን ድምፅ ጨምርልኝ።»

ጨመረለት። በሳምንቱ ደግሞ ጨመረለት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጨምርለት ኖረ።

አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ ሣጥኗ እንደ ምላጭ የቀጠነ ፉጨት ለቀቀች። ጠጋኙን ጥርሱን አመመው። ልብስ ሰፊዋ ሁለት ጆሮዋን ይዛ ደጁ ላይ ቆመች።

«ኧረ በፈጠረህ! ሰው ልትፈጅ ነው?»

አቶ ጎድሎታል ወደ እሷ ዞሮ በትሕትና እጅ ነሳት፤ ሰላም ያለችው መስሎታል። ከዚያ ወደ ጠጋኙ ተመልሶ፣ «ትንሽ አልደበዘዘብህም?» አለ።

ጠጋኙ የእርሳስ ማቅለጫውን አስቀመጠ። የጎደለው ከሣጥኗ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባው።

ረቡዕ ከበሮ መቺው መጣ። ከአቶ ጎድሎታል ጋር ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በሠራተኞች ክበብ ይጫወታሉ።

«ጋሼ፣ አንተን ይሰማሃል። ሰዉ ጆሮውን እየያዘ ይወጣል። የክበቡ ሰዎች ሌላ ጊታሪስት አግኝተዋል። የፊታችን ቅዳሜም እንዲህ ከሆነ አበቃለት።»

«አንተ አትነግረውም?»

«እኔ ሃያ ዓመት አጠገቡ ስደበድብ ኖርኩ እንጂ ምን አንደበት አለኝ!»

አቶ ጎድሎታል ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ከሳምንቱ ቀናት የቀረችለት ቅዳሜ ብቻ ናት። ይህን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ጠጋኙ የፈሪ ብልሃት ዘየደ። የቀጭኑን ድምፅ ቁልፍ ሽቦ ቆረጠና በሣጥኗ ውስጥ ሌላ ትንሽ ቁልፍ ደብቆ በራሱ ጆሮ ልክ አስተካከለው። ከፊት ያለው ይዞራል፤ ግን ከምንም ጋር አልተያያዘም።

«አዲስ ዕቃ ገጥሜልሃለሁ» አለው። ቅዳሜ አንድም ሰው ከአዳራሹ አልወጣም።

ሰኞ አቶ ጎድሎታል ባዶ እጁን መጣ። እንደ ልማዱ ወንበር አልሳበም።

«ቁልፉ ባዶ ነው አይደል?»

ጠጋኙ ሊዋሽ አፉን ከፈተና፣ «ፈታኸው እንዴ?» አለ።

«ምን ያስፈታኛል! እስከ መጨረሻው አዞርኩት፤ ከፊት ያሉት ሴትዮ ፊታቸውን አላጨማደዱም።» ጠረጴዛውን ተደገፈ። «ባልሰማውም፣ ሰዉ ፊቱን ሲያጨማድድ ቀጭኑ ድምፅ እዚያ እንዳለ አውቅ ነበር። ምናልባት ጉድለቱ ከጆሮዬ ሳይሆን ከሣጥኗ ይሆናል እያልኩ ነበር እኮ የምመላለስብህ። ከሣጥኗ ቢሆን አንተ ትጠግነው ነበር።»

ጠጋኙ ንጹሑን ጠረጴዛ በጨርቅ ወለወለ።

«በቃ፣ ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለህ» አለ አቶ ጎድሎታል። «ከፊት ትቀመጥና ሲበላሽ ፊትህን ታጨማድዳለህ። እንዳታዝንልኝ ታዲያ! ያዘንክልኝ ቀን እኔ የለሁም።»

ጠጋኙ ይህን ሙዚቃ ከነፍሱ ይጠላዋል። ሁለት ዓመት ጆሮውን በልቶታል። ሆኖም ንጹሕ ኮቱን ለብሶ ሄደ። የመጀመሪያው ቅዳሜ በሰላም አለፈ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው፣ ጨዋታው በደራበት መሐል፣ አንዷ የጊታር ክር ቅኝቷን ለቀቀች። ጥቂት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ከበሮ መቺው አንገቱን ደፋ። አቶ ጎድሎታል ምንም ሳይጠረጥር ጥቂት ከተጫወተ በኋላ ዓይኑን ወደ ፊተኛው ወንበር ላከ።

ጠጋኙ ፈገግ ሊልለት ምን ያህል እንደፈለገ እሱ ነው የሚያውቀው። ሎሚ እንደ ነከሰ ሰው ፊቱን አጨማደደ።

ጊታሩ ቆመ። ከበሮውም ተከተለው። አቶ ጎድሎታል ያችን ክር በአውራ ጣቱ እየመታ፣ መቃኛዋን ቀስ እያለ ያዞር ጀመር፤ ዓይኑን ከጠጋኙ ፊት ላይ አልነቀለም። አንድ ጊዜ ከልኳ አሳለፋትና የጠጋኙ ቅንድብ ተሰበሰበ፤ መለስ አደረገ። የጠጋኙ የግንባር መስመሮች አንድ በአንድ እስኪፈቱ ድረስ እንዲህ አደረገ። ከዚያ ከበሮ መቺውን በአገጩ ጠቆመውና ካቆሙበት ቀጠሉ።