ዶክተሩ ሥራ የፈቱባቸው ዘጠኝ ቀናት

ሳይንስ ጨዋ ነው። ጥይት እየተተኮሰ የሰው በር አያንኳኳም፤ ሁሉም ነገር እስኪረጋጋ ጠብቆ፣ ማህተም ያለው ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። ወደ መርሳም የመጣው እንደዚሁ ነው፤ ጦርነቱ ከከተማችን በወጣ በሁለተኛው ወር። ይዘውት የመጡት ዶክተር ኤፍሬም ሲሆኑ፣ በአፍላ ወጣቶች የስሜት መታወክ ላይ አሥራ አንድ ጥናት ያሳተሙ ሊቅ ናቸው። እኔ ጌትነት፣ ተራ ነርስ የነበርኩት ሰውዬ፣ በዚያው ደብዳቤ «የመስክ አስተባባሪ» ሆንኩ። ቤቴ ስገባ ሚስቴ ልዩነቱን አላስተዋለችም።

ጥናቱ እሰየው የሚያሰኝ ነበር። ያዘነ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ዝም ያለ ልጅ ይመዘገባል፤ የተመዘገበውን ልጅ ባለሙያ በየሳምንቱ ቁጭ ብሎ ስድስት ወር ሙሉ ያዳምጠዋል። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ነበረች፤ ሰባተኛዋ ጥያቄ። «ባለፈው ዓመት የቤተሰብ ሞት፣ መፈናቀል ወይም ሌላ አደጋ ደርሶብሃል?» አዎ ያለ ልጅ ከጥናቱ ይወጣል። ዶክተሩ በትዕግሥት እንዳስረዱኝ፣ ምክንያት ያለው ሐዘን የውጤቱን ጥራት ያበላሻል።

እናም በዚያ ዓመት፣ በወረዳችን በሐብሩ ምድር፣ ያለ ምክንያት ያዘነ ልጅ ፍለጋ ተሰማራን።

መርሳ ላይ አርባ ሦስት ልጆች መጡ፤ አርባ ሦስቱም ሰባተኛዋ ላይ ወደቁ። ውርጌሳ ሄድን፤ ያው ነው። ሲሪንቃ ላይ አንድ ልጅ «ምንም አልደረሰብኝም» ሲለን ዶክተሩ ከደስታ ብዛት እጁን ጨበጡት። ልጁ ግን አላዘነም፤ የመጣው ብስኩት ይታደላል ሲባል ሰምቶ ነው። ስንመለስ መኪናው ነዳጅ ጨረሰ። ሌላ ነዳጅ ከደሴ እስኪመጣ ዶክተሩ መርሳ ላይ ቀሩ።

በማግሥቱ ሽንኩርት ነጋዴዋ ወይዘሮ ከድጃ የወንድማቸውን ልጅ ናጅዋን እጇን ይዘው ለሁለተኛ ጊዜ መጡ። ናጅዋ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከባድ መሣሪያ አባቷን ማንጎ ሥር ከገደለባት ቀን ጀምሮ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ ሌሊቱንም ቁጭ ብላ ታነጋለች። መጀመሪያ ቀን አክስቷ እውነቱን ተናግረው ልጅቷን አስወድቀዋት ነበር። አሁን የጥናቱ አሠራር ገብቷቸዋል።

«ምንም አልደረሰባትም» አሉ ቀጥ ብለው።

«አባቷስ?» አሉ ዶክተሩ።

«ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ።»

የአባቷን አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝና «አልደረሰባትም» የሚለው ላይ ምልክት ላደርግ ብዕሬን አነሣሁ። ዶክተሩ ግን ጥራት ይወዳሉ፤ በመመሪያው መሠረት ራሷ ልታረጋግጥ ይገባል አሉ። ጎንበስ ብለውም ምንም አልደረሰብሽም ወይ ብለው ጠየቋት።

ናጅዋ አክስቷን አየቻቸው። ከዚያ ዶክተሩን።

«አባቴ ሞቷል» አለች።

ወይዘሮ ከድጃ ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። ዶክተሩ «አይካተትም» ብለህ ጻፍ አሉኝ፤ ጻፍኩ። ልጅቷ ግን መውደቋን ልብም አላለችው፤ መናገሯን ቀጠለች። ስለ ማንጎው፣ ስለ ድምፁ፣ አንደኛው ጫማው ስላልተገኘው አባቷ። ዶክተሩ ቅጹን አጥፈዋል፣ መኪናው ነዳጅ የለውም፣ የሚሄዱበትም የለም። ስለዚህ አዳመጡ።

በማግሥቱም መጣች። ከወደቁት ልጆች ብዙዎቹ ተከትለዋት መጡ። አግዳሚው ላይ በየተራ እየተቀመጡ ሰባተኛዋን ጥያቄ እንደገና መለሱ፤ አንዱማ ጠዋት «አዎ» ብሎ የጀመረውን የጨረሰው የቀትሩ የዙሁር አዛን ሲሰማ ነው። ዶክተሩ ከምሳ ሰዓት በስተቀር ከወንበራቸው አልተነሡም። አንድ ቀን ሲያለቅሱ አይቻቸዋለሁ፤ ይህን በሪፖርቴ አላካተትኩም። በዘጠነኛው ቀን ነዳጁ መጣና ሄዱ።

ጥናቱ ታትሟል። ድንቅ ነው። በአካባቢው መስፈርቱን ያሟላ አንድም አፍላ ወጣት አለመገኘቱን፣ በተጨማሪም በትራንስፖርት እጥረት ዘጠኝ የሥራ ቀናት ያለ ሥራ መባከናቸውን በጥሞና ያትታል።

ገበያ ወርጄ ለወይዘሮ ከድጃ አነበብኩላቸው። ናጅዋ አጠገባቸው ሚዛን ይዛ ከአንድ ደንበኛ ጋር ትከራከር ነበር። ሌሊት መተኛት ጀምራለች። አክስቷ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ጌትነት ልጄ፣ ለዶክተሩ ጻፍልኝ» አሉኝ። «ኢንሻአላህ ሥራ የፈቱ ጊዜ፣ ተመልሰው ይምጡልን።»