ሁሉን ገሣጩ በቀለና ባለ ረጅም እግሯ

ጊዜው በፈረንጅ 2023 ነው፤ እኔም ሰባ አራት ዓመቴ። የማያውቀውን ነገር ሁሉ እንደ ጋኔን የሚገሥጽ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የጸሎት ጉባኤያችን ሰው በቀለ እንዲያ ነው። ሊፍት ሲበላሽ እንኳ በሩን ይዞ "ልቀቅ!" ይላል። የጥገና ሠራተኛ መጥራት አይቀልም?

በበጋ፣ በምንኖርባት በሆላንዷ የወደብ ከተማ በሮተርዳም፣ ወደ ካሪቢያኖቹ የጭፈራ ሰልፍ፣ ወደ ካርኒቫሉ ሄድን፤ እኔ ለማየት፣ እሱ ለመገሠጽ። ጭንብል ያጠለቀች፣ በረጃጅም እንጨት ላይ የቆመች፣ ፎቅ የምታክል ሴት ወደኛ መጣች። በቀለ እጁን ዘርግቶ "ውጣ፣ አንተ ርኩስ መንፈስ!" ብሎ ጮኸ። የወደቡ መርከቦችም ሳይደነግጡ አልቀሩም።

ጭንብሉን ስታወልቅ ማርሊን ናት! በየጠዋቱ ቤቴ መጥታ ለእግሬ እብጠት ጠባቡን ካልሲ የምታጠልቅልኝ አስታማሚዬ፣ የካሪቢያኗ ደሴት የትሪኒዳድ ሴት። ተቀይማ ብትቀርብኝስ? እንደሷ ያለ ታጋሽ ከየት አገኛለሁ?

"ኦፓ፣ ጓደኛዎ ምን አሉ?" አለችኝ በደች ቋንቋ፤ ኦፓ አያቴ ማለት ነው።

"መንፈስ መስለሽው ነው።"

ሳቀች። "ልክ ናቸዋ! ቅድመ አያቶቼ በባርነት ከአፍሪካ ሲወሰዱ፣ ይህ ረጅም መንፈስ ሊጠብቃቸው ባሕሩን በእግሩ ተሻግሮ ተከተላቸው ይባላል። ክፉውን ከሩቅ ያያል።"

ለበቀለ ተረጎምኩለት። ረጃጅሞቹን እንጨቶች ከታች እስከ ላይ አየና "እግሯን አያማትም?" አለኝ። በቀለ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም! ከዚያ ሰልፉ እስኪያልቅ "ዞር በሉ፣ ትወድቃለች!" እያለ ሰውን ሲገሥጽላት ዋለ።

በማግስቱ ጠዋት ማርሊን እያነከሰች መጣች። እኔም በሳፋ ሙቅ ውሃ በጨው አቀረብኩና "ዛሬ ያንቺ እግር ይቅደም፤ ተቀመጪ" አልኳት።